መርከቤ ፈነዳ፤ ዳታው ይመለሳል ወይ?

መነሻ ጽሑፍ

ይህ የአንድ ክር ትረካ ነው፤ ክር የምለው አንድ ተጫዋች የጻፈውን ጥያቄና ሌሎች ተራ በተራ የሰጡትን ምላሽ ነው። ጠያቂው የሚጫወተው ኢላይት ዴንጀረስ የተባለውን የጠፈር መርከብ ጨዋታ ነው። ሰው ከሚኖርባቸው ኮከቦች ርቆ፣ ወደ ጋላክሲው ማዶ ተሻግሮ፣ ወራት የፈጀ ጉዞ ላይ ነበር። ማንም ያልደረሰባቸውን ኮከቦች እየዞረ ፕላኔቶቻቸውን ስካን ሲያደርግ ከርሟል፤ ምድርን የሚመስሉም፣ ውኃ የሸፈናቸውም ነበሩበት። በመጨረሻ ለፎቶ ብሎ ስበቷ ከባድ የሆነች ፕላኔት ላይ ሊያርፍ ሞከረ። መርከቡ ሲቀልል ከኮከብ ወደ ኮከብ ርቆ ስለሚዘል፣ ክብደት ለመቀነስ ጋሻውን አስወልቆ ነበር የወጣው። አፍንጫውን ትንሽ ዘቅዘቅ ሲያደርገው ሞተሮቹ መሸከም አቃታቸውና መሬት ሲነካ ፈነዳ።

ኢንሹራንሱን ከፈለ፤ ከመርከቡ ዋጋ 5 በመቶ። መርከቡ ከነሙሉ ዕቃው ተመለሰለት። የተመለሰው ግን ለመጨረሻ ጊዜ ቆሞበት ወደነበረው ጣቢያ ነው፣ ማለትም ጉዞው ወደተጀመረበት። ያልተሸጠው የአሰሳ ዳታ በሙሉ ጠፍቷል። ጥያቄው፣ ይህን የሚመልስ መንገድ ያለ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አለ ወይ የሚል ነው። ከጥያቄው ጋር ግን ክስም አለበት፤ ብረቱን የሚተካ ኢንሹራንስ ድካሙን የማይተካበት ምክንያት አልገባኝም ባይ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ስካን የተደረገው ዳታ ጣቢያ ላይ እስኪሸጥ ድረስ የሚቀመጠው መርከቡ ላይ ነው። ሲሸጥ ገንዘብ ያስገኛል፤ ከገንዘቡ በላይ ደግሞ የመጀመሪያው አግኚ ስም ፕላኔቷ ላይ ይጻፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ያየዋል። ጠያቂውን ያንገበገበው ይኸኛው እንደሆነ ከአጻጻፉ ያስታውቃል።

ምላሽ 1

አይመለስም ብሎ ሄደ። ምክንያት የለው፣ ሰላምታ የለው።

ምላሽ 2

ይኼኛው በጨዋነት፣ በእርስዎታ ጻፈ። ካዘነ በኋላ የማይመለስበትን ምክንያት ዘረዘረ። ብቻዎን የሚጫወቱ ቢሆን እንኳ መዝገቡ ያለው በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይል ኮፒ አድርጎ ወደ ትናንት መመለስ አይቻልም። መርከቡ በፈነዳበት ቅጽበት ጉዳዩ ተመዝግቦ አልቋል። ቀጥሎም የፕላኔት ላይ ስም ክብር የኖረው መንገድ ላይ ሊጠፋ ስለሚችል ነው፤ ዳታው ሁልጊዜ የሚመለስ ቢሆን ማንም ተጠንቅቆ አይበርም ነበር ሲል የራሱን አስተያየት ጨመረ።

ምላሽ 3 እና 4

ሦስተኛው አንድ ነገር ብቻ ፈልጎ መጣ፦ መርከቡ የጠፋው ግንኙነት ተቋርጦ ወይም በጨዋታው ስህተት ከሆነ፣ ሰዓቱን ይዞ ለድጋፍ ክፍሉ መጻፍ ያዋጣል። ጠያቂው በአራተኛው ላይ አልዋሸም። ግንኙነቱ ደኅና ነበር፣ እጄ ነው አለ። ይህ መልስ በኋላ ጠቀመው፤ በኋላ የተቆጡት ሁሉ እሱን በውሸት ሊከሱት አልቻሉም።

ምላሽ 5

የመጀመሪያውን አረመ። ጠፋ የተባለው ሁሉ አልጠፋም አለ። ብሩ አለ፣ ማዕረጉ አለ፣ ለመርከብ ማሻሻያ የተሰበሰበው ማቴሪያል አለ። የሚጠፋው መርከቡ ላይ የተጫነው ጭነትና ያልተሸጠው ዳታ ነው። በምሳሌም አስረዳ፦ አናኮንዳ የተባለችው ትልቅ መርከብ ባዶዋን ወደ 147 ሚሊዮን ክሬዲት ታወጣለች፤ ኢንሹራንሷ ከ7.3 ሚሊዮን ትንሽ ከፍ ይላል። ያን የሚከፍል አቅም ያጣ ሰው እንኳ ባዶ እጁን አይቀርም፣ ሳይድዋይንደር የተባለችውን ትንሿን መርከብ በነጻ ይሰጡታል። ስለዚህ ኪሳራው ያን ያህል አይደለም ሲል ደመደመ።

ምላሽ 6

የክሩ የመጀመሪያ ቁጣ እዚህ ላይ ነው። አምስተኛው ሰው ብር እየቆጠረ ነው፤ ጠያቂው የሚያወራው ስለ ብር አይደለም አለ። ልክ ነው። አምስተኛው ዝርዝሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ የተጠየቀውን አልመለሰም።

ምላሽ 7

ክሩን በእግሩ ያቆመው ይህ ነው፤ ረጅም ነበርና እኔም ረዘም አድርጌ ልተርከው።

ጨዋታው በኮምፒውተር ላይ ሲሠራ የሚሆነውን ሁሉ በጽሑፍ ፋይል ይመዘግባል። ጆርናል ይሉታል። እያንዳንዱ ዝላይ፣ እያንዳንዱ ስካን፣ የኮከቡ ስም፣ የፕላኔቷ ዓይነት፣ ከነሰዓቱ ይጻፋል። ፋይሎቹ የሚገኙት ዊንዶውስ የጨዋታ ሴቮችን በሚያስቀምጥበት ፎልደር ውስጥ፣ በፍሮንቲየር ስም በተከፈተው ሥር ነው። መርከቡ ቢፈነዳ አይነኩም፣ ማንም አይሰርዛቸውም። ኢዲ ዲስከቨሪን የመሰሉ ተጫዋቾች የሠሯቸው ፕሮግራሞች ፋይሎቹን አንብበው በሠንጠረዥ ያወጧቸዋል።

ጨዋታው ይህን ፋይል እንደ ዳታ አይቀበልም፤ ወስደህ ሽጥልኝ ብትለው አይገዛህም። ሰባተኛው ሰው ግን ነገሩን ከሌላ ጎን አየው። ዳታው ካልተሸጠ ፕላኔቶቹ ዛሬም ያልተገኙ ናቸው። ጠያቂው ያጣው ስካኑን እንጂ እውቀቱን አይደለም፤ የት ምን እንዳለ አሁን ከማንም በላይ ያውቃል። ሲሄድ በጨለማ እየዳበሰ ነበር፣ አሁን ግን ዝርዝር አለው። ምድር መሰሎቹንና የውኃ ዓለማቱን ብቻ ለይቶ፣ ተራ በረዶና ድንጋዩን ትቶ፣ ቀጥታ ወደነሱ መሄድ ይችላል። መንገዱንም ማሳጠር ይቻላል፦ ከኒውትሮን ኮከብ በሚወጣው ጨረር ጫፍ ውስጥ ያለፈ መርከብ ቀጣዩን ዝላይ 4 እጥፍ ርቆ ይዘላል። በእያንዳንዱ ማለፍ የዝላይ ሞተሩ ትንሽ ስለሚጎዳ መጠገኛ መሣሪያ መያዝ ግድ ነው። ወራት የፈጀው ጉዞ የፈጀው ፍለጋ ስለነበረ ነው፤ ፍለጋው ሲወጣለት የሚቀረው መንገዱ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፣ ብዙ ጊዜም በሁለት ምላሽ ይሞታል። ይኼኛው የተረፈው አንድ ሰው ጥያቄውን ሳይሆን ለጠያቂው የቀረለትን ነገር ስላየ ነው።

ምላሽ 8፣ 9፣ 10

ስምንተኛው ማስጠንቀቂያ አመጣ። እነዚህ ፕሮግራሞች ያነበቡትን ኢዲዲኤን ወደተባለው የጋራ መረብ ሊልኩት ይችላሉ፤ እዚያ የገባ ነገር ኢዲኤስኤምን በመሰሉ የኮከብ ካርታ ድረ ገጾች ላይ ለሁሉም ይታያል። ስለዚህ ጠያቂው ፕሮግራሙን ሳያጣራ ከከፈተው፣ ያልተሸጡት ፕላኔቶቹ የት እንዳሉ ለዓለም አሳወቀ ማለት ነው። ዘጠነኛው ሳቀበት፤ ለሰው ፕላኔት ብሎ አሥር ሺዎች የብርሃን ዓመት የሚጓዝ ሌባ ካለ ስሙ ይገባዋል አለ። አሥረኛው አሉ አለ። ምስክር አላመጣም።

ምላሽ 11 እና 12

አሥራ አንደኛው ዘግይቶ ደርሶ በጥያቄ ጀመረ፦ መንገድ ላይ ለምን አልሸጠም? የጋላክሲው መሐል፣ ሳጂታሪየስ ኤ ስታር የተባለው ጥቁር ጉድጓድ አጠገብ፣ ኤክስፕሎረርስ አንከሬጅ የተባለ ጣቢያ አለ፤ በ2019 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዲስታንት ወርልድስ 2 በተባለው የተጫዋቾች ታላቅ ጉዞ ጊዜ የተተከለ። ከፀሐይ ወደ 22 ሺ የብርሃን ዓመት ላይ ደግሞ ኮሎኒያ የተባለች ሰው የሰፈረባት አካባቢ አለች። ጠያቂው ከሁለቱም በጣም ርቆ እንደነበር ከመነሻው ጽሑፍ ይታወቅ ነበር፤ አሥራ አንደኛው እስከ መጨረሻው አላነበበም።

አሥራ ሁለተኛው የተሻለ መልስ ነበረው። ከ2020 ጀምሮ ተጫዋቾች 5 ቢሊዮን ክሬዲት እየከፈሉ የግል ካሪየር፣ ማለትም ሌሎች መርከቦች የሚያርፉበት ግዙፍ መርከብ፣ መግዛት ይችላሉ፤ ካሪየሩ በአንድ ዝላይ 500 የብርሃን ዓመት ይሄዳል፣ ባለቤቱ ከፈለገ ዳታ የሚገዛ ቢሮም ይከፍትበታል። ተጫዋቾች ተባብረው እነዚህን ካሪየሮች ለአሳሾች ማረፊያ ብለው በጋላክሲው ዙሪያ አቁመዋል። ካሪየር ላይ ሲሸጥ ከሽያጩ ይቆረጣል፣ ግን ስሙ ይጻፋል፤ መርከቡ ቢፈነዳም ተጫዋቹ የሚነቃው እዚያው ካሪየር ላይ ነው። ሁለተኛ ሲወጣ በየመንገዱ እነሱን እየነካ እንዲሄድ መከረው።

ምላሽ 13 እና 14

ከኮሎኒያ ስም የተነሳ ክሩ ከመንገድ ወጣ። ሁለት ሰዎች ስለ ዣክ ጣቢያ ማውራት ጀመሩ፤ በ2016 ጣቢያው በሙሉ ወደ ጋላክሲው ዳርቻ፣ ወደ ቢግል ፖይንት ለመዝለል ሞክሮ የት እንደገባ ጠፋ፤ ተጫዋቾች ፈልገው ባልታሰበበት ቦታ፣ ተጎድቶ አገኙት። ኮሎኒያ የተቆረቆረችው እዚያ ነው። ለጥያቄው ምንም አይጠቅምም፣ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

ምላሽ 15 እና 16

አሥራ አምስተኛው ኖ ማንስ ስካይ የተባለውን ሌላ የጠፈር ጨዋታ አነሳ። እዚያ ስትሞት የያዝከው ዕቃ በሞትክበት ቦታ ይቀመጥልሃል፣ ሄደህ ታነሳዋለህ፤ ከመርከብ በወረድክ ቁጥር ጨዋታው ራሱ ሴቭ ያደርጋል፣ በተጨማሪ በእጅ የሚደረግ ሌላ ሴቭ አለ። ስለዚህ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይጫናል። ኢላይትም እንዲህ ቢሆን ምን ነበረበት? አሥራ ስድስተኛው አረመው፤ ይህ የሚሠራው በተለመደው አጨዋወት ነው፣ ፐርማዴዝን መርጦ የገባ ሰው ከሞተ ሴቩ ጭምር ይጠፋል።

ምላሽ 17

ኢቭ ኦንላይን የተባለውን፣ ተጫዋቾች እርስ በርስ የሚዋጉበትን የጠፈር ጨዋታ ለዓመታት የተጫወተ ሰው ነው፣ ትዕግሥት አልነበረውም። ኢቭ ውስጥ የፈነዳ መርከብ ፈነዳ ነው። ኢንሹራንሱ ለመርከቡ አካል እንጂ ለተገጠመለት መሣሪያ አይከፍልም። መሣሪያውና ጭነቱ ግማሽ ያህሉ ይቃጠላል፣ ግማሽ ያህሉ ከፍርስራሹ ውስጥ ለገዳዩ ይቀራል። ማምለጫ ካፕሱሉም ከተመታ በጭንቅላት የተተከለው ማጠናከሪያ ሁሉ ይጠፋል። ጥር 2014 ላይ ቢ-አር5አርቢ በተባለው የኮከብ ሥርዓት ውስጥ ቦታውን ለመያዝ የሚከፈለው ክፍያ በመስተጓጎሉ በተነሳ አንድ ጦርነት ብቻ 75 ታይታን የተባሉ ግዙፍ መርከቦች ወድመዋል፤ በእውነተኛ ገንዘብ ሲሰላ ከ300 ሺ ዶላር በላይ ነው የተባለለት። የኢቭ ተጫዋች በመጀመሪያው ቀን የሚማረው ሊያጣው የማይችለውን መርከብ እንዳያበር ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ ጥቂት ስካን የሚያለቅስ ሰው ጨዋታ ቢቀይር ይሻለዋል አለ።

ምላሽ 18 እና 19

አሥራ ስምንተኛው የሰጠው መልስ በክሩ ውስጥ ካሉት ክርክሮች ሁሉ ጥርት ያለው ነው። ኢቭ ውስጥ አንዱ ያጣውን ሌላው ያገኛል፤ የጠፋው መርከብ አዲስ መርከብ እንዲሠራ ገበያውን ያንቀሳቅሳል። ኪሳራው የጨዋታው ነዳጅ ነው። በረሃ ላይ ብቻውን የወደቀ አሳሽ ዳታ ቢጠፋ ግን ማን አተረፈ? የአሥራ ሰባተኛውን ጥንካሬ እዚህ ማምጣት ዳኛው ሌላ የሆነ ጨዋታን ሕግ ማምጣት ነው።

አሥራ ዘጠነኛው ሌላ ቀዳዳ አገኘ። ኢቭም ራሱ አለሳልሷል አለ፤ ድሮ ክሎኑን፣ ማለትም ሲሞት የሚነቃበትን ተተኪ አካል፣ በየጊዜው ገንዘብ ከፍሎ ያላሳደገ ሰው ሲሞት የተማረው ክህሎት ጭምር ይቀነስበት ነበር፣ ይህ በታኅሣሥ 2014 ቀርቷል። ኪሳራን የሚወዱ ሰዎች እንኳ የተማሩት ሲነጠቅ አልወደዱም ማለት ነው። አሥራ ሰባተኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም።

ምላሽ 20 እስከ 24

እዚህ ላይ ክሩ ከረረ። ሃያኛው፣ መርከቡ ሊፈነዳ ሲል ገመዱን መንቀል ወይም ጨዋታውን በግድ መዝጋት ነበር አለ፤ እሱ እንደሚያደርገውና እንደሚሠራለትም ጻፈ። ሃያ አንደኛው ወዲያው ማጭበርበር ነው አለው። ሃያኛው ብቻውን የሚጫወት ሰው ማንን ነው የሚያጭበረብረው ብሎ መለሰ። ሃያ ሁለተኛው በሁለቱም ላይ ተነሳ፦ ከሰው ጋር እየተዋጉ በግድ መዝጋት በደንቡ የተከለከለ ነው፤ በሜኑ መውጣት ግን የተፈቀደ ነው፣ አደጋ ላይ ያለ መርከብ ከሆነ 15 ሰከንድ ያስጠብቃል። ፕላኔት ላይ ለሚወድቅ መርከብ 15 ሰከንድ ምን ይሠራል ብሎ ሃያ ሦስተኛው አሾፈ። በመጀመሪያ በእርስዎ ይጠራሩ የነበሩት ሰዎች ወደ አንተ ወርደው፣ ከአንተም ወደ ስድብ ሲቃረቡ አወያዩ በሃያ አራተኛው ላይ ገባ፣ ሁለት መስመር ሰርዞ ወደ ጥያቄው ተመለሱ አለ።

ምላሽ 25

ቁጣውን የሚያበርድ ገጠመኝ ይዞ መጣ። ነዳጅ አልቆበት፣ የቀረው የመተንፈሻ አየር ወደ ኋላ እየቆጠረበት ለፊውል ራትስ ጥሪ አቅርቦ ነበር፤ እነዚህ ነዳጅ ላለቀበት መርከብ በነጻ የሚያደርሱ ተጫዋቾች ናቸው። መጀመሪያ ያዘዙት ወዲያው ወደ ዋናው ሜኑ እንዲወጣ ነው፤ ከጨዋታው ውጭ ሲሆን አየሩ አይቆጥርም። ሲጠሩት ብቻ ተመልሶ ገባ፣ ሞሉለት፣ ዳታውም ተረፈ። በሜኑ መውጣት አሳፋሪ አይደለም፣ አዳኞቹ ራሳቸው የሚያስተምሩት ነው ብሎ ለሃያ ሦስተኛው መለሰ። ለተጎዳ መርከብም ሐል ሲልስ የተባሉ ጠጋኞች እንዳሉ አስታወሰ።

ምላሽ 26 እና 27

ሁለት አንጋፋዎች ወደ ኋላ ሄዱ። በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ኢላይት ሴቭ የሚደረገው ጣቢያ ውስጥ ተቆሞ፣ ካሴት ወይም ዲስክ ላይ ነበር። ማምለጫ ካፕሱል የገዛ ሰው መርከቡ ሲሞት ጭነቱን ያጣል፣ አዲስ መርከብ ይሰጠዋል፣ በዚያ ላይ የፖሊስ መዝገቡም ይነጻለታል። ሃያ ሰባተኛው ኤክስ3 የተባለውን ሌላ የጠፈር ጨዋታ ጨመረ፤ እዚያ ጠፈር መሐል ሴቭ ለማድረግ የማዳኛ ኢንሹራንስ የሚባል ውል አስቀድሞ መግዛት ያስፈልጋል፣ በእያንዳንዱ ሴቭ አንድ ይበላል። ሴቭን ራሱን ሸቀጥ ማድረግ! ከሰማኋቸው መፍትሔዎች ሁሉ ለጠያቂው ክስ የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል፤ ድካሙን መድን ማስገባት የሚፈልግ ዋጋውን ከፍሎ ያስገባል። ማንም ግን አልተከተለውም።

ምላሽ 28

ከርባል ስፔስ ፕሮግራም የተባለው የሮኬት ጨዋታ ተነሳ። ኤፍ 5 ሴቭ ያደርጋል፣ ኤፍ 9 ተጭኖ ሲያዝ ይመልሳል። ሰውዬው ሮኬቱ እየወደቀ ሳለ ደንግጦ ኤፍ 9ን ሊጫን ኤፍ 5ን ተጫነ፤ ከመሬት ሊጋጭ ጥቂት የቀረውን ሮኬት ሴቭ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ከኦልት ጋር ተጭኖ ለእያንዳንዱ ሴቭ ስም ይሰጣል። ብዙ ሰው ሳቀ።

ምላሽ 29 እና 30

ሃያ ዘጠነኛው አውተር ዋይልድስ የተባለውን የጠፈር አሰሳ ጨዋታ እንደ ምሳሌ አመጣ። እዚያ 22 ደቂቃ ሲሞላ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀምራል፣ መርከቡም ሳይቀር፤ የማይጠፋው የመርከቡ መዝገብ ብቻ ነው፣ ያወቅከው ነገር የተጻፈበት። ሰባተኛው ሰው ጆርናል ያለውም ይኸው ነው አለ። ሠላሳኛው በቁጣ ሳይሆን በድካም ተቃወመ፦ አውተር ዋይልድስ ያወቀውን ሰው ወደ ቦታው በደቂቃ ያደርሰዋል፤ ኢላይት በሺዎች የብርሃን ዓመት ያስኬደዋል። እውቀት ተረፈ ማለት ጊዜ ተረፈ ማለት አይደለም።

ምላሽ 31

ጠያቂው ተመለሰ። ጆርናሎቹን አግኝቷል። ወደ ጋራ መረቡ የሚልከውን ነገር አጥፍቶ ነው ፕሮግራሙን የከፈተው። ከረጅሙ ዝርዝር ውስጥ ምድር መሰሎቹንና የውኃ ዓለማቱን ለይቶ አወጣ፤ ከፈራው በላይ ጥቂት፣ ከጠበቀው በላይ የተቀራረቡ ናቸው። መንገዱን በኒውትሮን ኮከቦች በኩል አስቀምጦታል፣ መጨረሻው ላይም አንድ የአሳሾች ካሪየር አለበት። ጨዋታው ዳታውን መመለስ ነበረበት የሚለውን ክሱን ግን አላነሳም፤ መንገድ አገኘሁ ማለት ደንቡ ልክ ነው ማለት አይደለም ሲል ለሁለተኛው ምላሽ መለሰ። እኔም በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ።

ምላሽ 32 እና 33

አንዱ ያቺን ፕላኔት ዳግም ሊያርፍባት እንደሆነ ጠየቀ። ጠያቂው አዎ አለ፤ በዚህኛው ጋሻ አስገጥሟል፣ ከታች ወደ ላይ የሚገፋውን ሞተር ሳይለቅ፣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ በጣም በዝግታ እንደሚወርድ ጻፈ።

ምላሽ 34

አምስተኛው ሰው ነው። የተገጠመው ጋሻ ለመርከቡ መጠን ያንሳል፣ በሚቀጥለው ደረጃ ቢለውጠው የዝላይ ርቀቱ ብዙም አይቀንስበትም አለ፤ ልዩነቱንም በክብደት አሰልቶ አስቀመጠ። ይህኛው የተጠየቀውን የሚመልስ ነበር።